ሳይለዩ መውደድ
ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አለቆች የተደረገ ንግግር



ማስተማር ሥራው የሆነ ሰው ሁሉ በየማለዳው አንድ መዝገብ ይከፍታል። በመዝገቡ ላይ የልጆች ስም ተጽፏል፤ መምህሩ ስማቸውን በተራ ይጠራል፥ ልጆቹም «አቤት» እያሉ ይመልሳሉ። ይህ ሥራ በየቀኑ የሚደረግ ስለ ሆነ እንደ ቀላል ነገር ይቈጠራል። ነገር ግን የስም መጥራት ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁን ወደ ማኅበሩ ለማግባት የሚጠራበት ነው፤ ሁለተኛው ከማኅበሩ ለይቶ ለማውጣት የሚጠራበት ነው። መዝገቡ ያው አንድ ነው፤ የሚጠራውም ድምፅ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚገኘው በጠሪው ልብ ውስጥ ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ያለ መለየት እንዲወደድ የሚያዝዘው የክርስትና ትእዛዝ ሲሆን ነገሩ ከመዝገብ የተጀመረበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጣል።

በኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ዐሥርቱን ትእዛዛት በቃሉ ያጠናል፤ ከእነዚያም መጨረሻ አድርጎ የሚያጠናው ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን የሚያዝዘውን ነው። ሊቃውንቱ ይህን ፍቅረ ቢጽ ብለው ይጠሩታል። ከዚህም ጋራ ስድስቱ ቃላተ ወንጌል የሚባሉትን ይማራል፤ እነርሱም የተራበን ማብላት፥ የተጠማን ማጠጣት፥ እንግዳን መቀበል፥ የታረዘን ማልበስ፥ የታመመን መጠየቅ፥ የታሰረን መጐብኘት ናቸው። በሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤቶች ይኸው ትእዛዝ ከሕፃንነት ጀምሮ ይነገራል። እንግዲህ የክርስቲያን ሕዝብ ችግር ትእዛዙን አለመስማት አይደለም። ችግሩ ትእዛዙን ከሰማ በኋላ ስለ ማን እንደ ተነገረ መጠየቁ ነው። ማብላት መልካም ነው፤ ግን ማንን? መቀበል መልካም ነው፤ ግን የየትኛውን ወገን እንግዳ? እንዲህ እያለ ሰው በትእዛዙ ዙሪያ ዐጥር ያጥራል፤ ከዐጥሩም ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዙን ሁሉ የፈጸመ ይመስለዋል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው አንድ ሕግ ዐዋቂ ጌታን ይኸንኑ ጠይቆታል። ሕግ ዐዋቂ እንደ መሆኑ መጠን ወሰን ይፈልግ ነበር፤ ወሰኑ ከታወቀ ከወሰኑ ወዲያ ያለውን ሰው ባይወድ አይወቀስምና። ጌታ ግን ወሰን አላበጀለትም፤ ታሪክ ነገረው እንጂ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቍልቍለቱ የበዛ፥ ገደልና ዋሻ ያለበት፥ ለወንበዴ የተመቸ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ተደብድቦ፥ ልብሱን ተገፎ፥ በሞትና በሕይወት መካከል ተጥሎ ሳለ ካህን አየውና አለፈ፤ ሌዋዊም አየውና አለፈ። ሦስተኛው መንገደኛ ሳምራዊ ነበር። አይሁድና ሳምራውያን ስለ አምልኮ ስፍራ ተጣልተው ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሲናናቁ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ወደ ቍስለኛው የቀረበ ግን ይህ ሳምራዊ ነው። በቍስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ በገዛ እንስሳው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዳ ማደሪያ ወሰደው፤ ሲያስታምመውም ዐደረ፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ወጪው ከዚያ ቢያልፍ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ስለ ነበረ ይህ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ የሁለት ቀን ድካሙን ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው፥ የተደበደበው ሰው ወገኑ ምን እንደ ሆነ አለመነገሩ ነው። ልብሱን ተገፏል፤ ሰው በልብሱ ከየት እንደ መጣ ይታወቃልና። ሊናገር አይችልም፤ ሰው በአነጋገሩም ይለያልና። ራቁቱን የወደቀ፥ ድምፅ የሌለው፥ ሰው መሆኑ ብቻ የሚታይ ሰው ነው። ሁለተኛው፥ ጌታ በመጨረሻ የሕግ ዐዋቂውን ጥያቄ መገልበጡ ነው። ሕግ ዐዋቂው የጠየቀው ለእርሱ ባልንጀራ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ ነበር። ጌታ ግን ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነለት ከሦስቱ ማንኛው እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባልንጀራ ተመርምሮ የሚገኝ ሰው መሆኑ ቀርቶ፥ ቀርቦ የሚሆኑት ነገር ሆኗል። ክርስቲያን ሊጠይቅ የተፈቀደለት ጥያቄ ሌላው ማን እንደ ሆነ አይደለም፤ ራሱ ምን ሊሆንለት እንደሚገባው ነው።

«ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ካመዱ» የሚል ተረት አለ። እውነት ነው፤ የሥጋ ፍቅር እንዲህ ነው፤ ይህም በራሱ ኀጢአት አይደለም። እናት ልጇን ብትወድ፥ የአገር ልጅ ለአገሩ ልጅ ቢያደላ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህም ወንጌል ይህን ፍቅር አይነቅፈውም፤ ነገር ግን ትእዛዝ አያስፈልገውም ይላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደሚነበበው የሚወዱትን መውደድ ከማንም ሰው የሚጠበቅ ነው፤ የእግዚአብሔር ፀሓይ ግን የክፉውንም የደጉንም ማሳ ታሞቃለች፤ ዝናቡም የባለቤቱን ጠባይ ሳይጠይቅ ይወርዳል። ትእዛዝ የሚያስፈልገው ተፈጥሮ በማይደርስበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም ዘመድ ባልሆነው፥ ባልተመቸው፥ ባልመሰለው ዘንድ ነው።

ይህ በንግግር የሚያምር፥ በሥራ ግን የማይገኝ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ትምህርቱ በሥራ የተፈተነበትን አንድ እውነተኛ ስፍራ ማየት ያሻል። ስፍራው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ በሩዋንዳ ነው፤ ፈተናውም የተደረገው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው።

ሩዋንዳ ትንሽና ኰረብታማ አገር ናት። ሁቱ፥ ቱትሲና ትዋ የሚባሉት ሕዝቦቿ ቋንቋቸው አንድ ኪንያርዋንዳ ነው፤ በአንድ ኰረብታ ተደባልቀው ይኖራሉ፤ ይጋባሉም። የቤልጅግ አገዛዝ ግን በ1930ዎቹ የሰውን ሁሉ ወገን በመታወቂያ ወረቀት ላይ አስጻፈ። አገሪቱ በ1962 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም ወረቀቱ አልተለወጠም። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ነገሩ ወደ ትምህርት ቤትም ገባ። መምህር መዝገቡን ይዞ «ሁቱ የሆናችሁ ተነሡ፤ ቱትሲ የሆናችሁ ተነሡ» እያለ ልጆችን ይቈጥር ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ወገኑን ያላወቀ ሕፃን ከየትኛው ጋራ እንደሚነሣ ለማወቅ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ስም መጥራት ሁለት ዓይነት መሆኑ የተነገረው ስለዚህ ነው።

እነዚያ የተቈጠሩ ልጆች አደጉ። በ1994 ሚያዝያ ወር ሊገባ ሲል በአገሪቱ የዘር ማጥፋት ተጀመረ፤ በ100 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ቈጠራ ደግሞ ከአንድ ሚልዮን በላይ ያደርሰዋል። ከሞቱት የሚበዙት ቱትሲ ሲሆኑ፥ አንገድልም ያሉ ብዙ ሁቱዎችም አብረው ተገድለዋል። በየመንገዱ ኬላ ተተክሎ የመታወቂያ ወረቀት ይጠየቅ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈችው አንዲት ቃል የሞትና የሕይወት ፍርድ ሆነች። በዚያን ጊዜ ከሩዋንዳ ሕዝብ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ክርስቲያን ነበር። ገዳዩም ተገዳዩም በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፥ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የሰሙ ነበሩ። ተማሪዎቻቸውን ያስገደሉ መምህራን መገኘታቸውንም ሳይናገሩ ማለፍ ለመምህራን ጉባኤ የሚገባ አይደለም።

በምዕራብ ሩዋንዳ በቀድሞው የኪቡዬ ግዛት ኒያንጌ የሚባል የደብር መንደር አለ። በዚያው ሚያዝያ ወር ብዙ ቱትሲዎች ከሞት ለማምለጥ ወደ ኒያንጌ ቤተ ክርስቲያን ሸሹ። ሚያዝያ 8 ቀን 1986 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ይኸውም በኤውሮፓውያን አፕሪል 16 ቀን 1994 መሆኑ ነው፥ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዎቹ በውስጡ ሳሉ በምድር መጥረጊያ መኪና ተደርምሶ በላያቸው ወደቀ። ከ1,500 የማያንሱ ነፍሳት በዚያ አለቁ። የደብሩ ካህን በዚህ ሥራ ተባባሪ ሆኖ በመገኘቱ በአሩሻ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት በ2006 ፈረደበት፤ በይግባኝም በ2008 ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። በምሳሌው ውስጥ ያለው ካህን አይቶ ያለፈ ነበር፤ የኒያንጌው ግን ከማለፍ የከፋ ሥራ ሠራ። ትእዛዙን ማስተማርና ትእዛዙን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ነገር ግን የኒያንጌ ታሪክ በዚህ አያበቃም። በዚያው መንደር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከእልቂቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደ ገና ተከፍቶ የሁቱም የቱትሲም ልጆች በአንድነት ይማሩ ነበር። የእነዚያን ዓመታት ክፍል ማሰብ ለመምህር አስቸጋሪ አይደለም። በ1997 በሩዋንዳ ከ100,000 በላይ ሰዎች በግድያ ተከስሰው በወኅኒ ነበሩ። ስለዚህ በአገሪቱ ክፍሎች ውስጥ ወላጆቹ የተገደሉበት ልጅና አባቱ በመግደል ተከሶ የታሰረበት ልጅ በአንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ግድ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ፍቅር በዘፈን የሚነገር ነገር አይደለም፤ አንድ እርሳስ ለመዋዋስ እንኳ ልብ ይጠይቃል።

መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 18 ቀን 1997፥ ተማሪዎቹ እራት በልተው ለማታ ጥናት ክፍላቸው ገብተው ሳሉ፥ በ1994 ተሸንፈው ከሸሹት ወገን የሆኑ ታጣቂዎች ወደ ትምህርት ቤቱ ገቡ። ወደ ክፍሉም ገብተው ተማሪዎቹ ሁቱው በአንድ ወገን፥ ቱትሲው በአንድ ወገን ሆነው እንዲለዩ አዘዙ። የትእዛዙ ትርጕም ለሁሉም ግልጥ ነበር። ከሁቱዎቹ ልጆች ማንኛውም አንዲት እርምጃ ቢራመድ በሕይወት ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ጓደኛውን መግደል ይቅርና በጣቱ እንኳ ማመልከት አያሻውም፤ ወደ ጐን መቆም ብቻ ይበቃው ነበር። ልጆቹ ግን አልተለዩም። በዚህ ሁቱም ቱትሲም የለም፥ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን የሚል መልስ ሰጡ። ታጣቂዎቹ ተኰሱባቸው፤ ቦንብም ወረወሩባቸው። በሌላም ክፍል ይኸው ትእዛዝ ተሰጠ፤ መልሱም ያው ሆነ። ከስድስት የማያንሱ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ከሞቱትም ከቈሰሉትም መካከል የሁለቱም ወገን ልጆች ነበሩ። በ2001 የሩዋንዳ መንግሥት እነዚህን ተማሪዎች፥ የሞቱትንም የተረፉትንም በአንድነት፥ ኢመና ከሚባሉት የአገሪቱ ጀግኖች ማዕርግ ቈጠራቸው።

ልጆቹ በዚያች ሌሊት የወንጌል ቃል አልጠቀሱም፤ የተናገሩት የአገራቸውን ስም ነው። ይህን ወስዶ ሳይሉት ብለዋል ማለት አይገባም። ነገር ግን ሥራቸው ምሳሌው የሚጠይቀው ሥራ ነው። ካህኑ በሥልጣነ ክህነቱ፥ ሌዋዊውም በአገልግሎቱ ያላደረጉትን ሳምራዊው ስም ሳይኖረው አደረገው፤ የኒያንጌም ካህን በመቅደሱ ያላደረገውን ልጆች በክፍላቸው ፈጸሙት። ፍቅር በሚያወራው አፍ የማይታወቅ፥ በምታቆመው እግር የሚታወቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል። የእነዚያ ልጆች ፍቅር ያለ መራመድ ፍቅር ነበረ፤ አለመለየት ነበረ።

ሌላም ምስክር አለ። ፌሊሲቴ ኒዪተጌካ የተባለች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በጊሴኒ ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ የእንግዶች ማረፊያ ትሠራ ነበር። እርሷ ሁቱ ነበረች፤ ወንድሟም የጦር መኰንን ነበረ። በ1994 የተሸሸጉባትን ሰዎች እያሳለፈች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ዛዪር እንዲያመልጡ ትረዳ ነበር። ወንድሟ ነፍሷን እንድታድን ለመናት፤ እርሷ ግን የተጠጉባትን ትታ መዳንን እንደማትፈልግ ጽፋ መለሰችለት። ገዳዮቹም ሊለዩዋት ፈልገው ነበር፤ እርሷ እምቢ አለች፤ አፕሪል 21 ቀን አብራቸው ተገደለች። እርሷም እንደ ኒያንጌ ልጆች በኢመና ማዕርግ ትታሰባለች።

በሩዋንዳ ቍጥራቸው ጥቂት የነበሩት እስላሞች ብዙ ሰዎችን በቤታቸውና በመስጊዳቸው ሸሽገው ማዳናቸውም የታወቀ ነው። ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ሊያፍርም ሊደነቅም አይገባውም፤ የሳምራዊው ታሪክ ከመጀመሪያውም የተነገረው ፍቅር ከዐጥሩ ውጭ ባለው ሰው ዘንድ ሊገኝ እንደሚችል ለማስረዳት ነውና። ያለ መለየት መውደድ ማለት ለሌላው ማድረግ ብቻ አይደለም፤ የሌላውንም መልካም ሥራ ያለ ቅናት ማየት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ መምህሩ ክፍል ይመለስ። ኒያንጌ የተነሣችው መምህር ሁሉ ጥይት ይጠብቀዋል ለማለት አይደለም። የኒያንጌ ልጆች መልስ በአንዲት ደቂቃ ተሰጠ፤ በአንዲት ደቂቃ ግን አልተዘጋጀም። ከዚያች ሌሊት በፊት ባለፉት ብዙ ቀኖች አብረው በልተዋል፥ አብረው አጥንተዋል፥ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል። «ተነሡ፥ ተቈጠሩ» የተባሉት ልጆች አድገው በኬላ ላይ ወረቀት የጠየቁትን ያህል፥ ያልተለዩትም ልጆች ታጣቂ በመጣ ጊዜ አልተለዩም። ሁለቱም የተማሩትን አደረጉ።

መለየት በትምህርት ቤት ውስጥ ትልቅ ስም ይዞ አይመጣም። በትንሹ ይመጣል። አነጋገሩ ከሌሎቹ የተለየ ልጅ ሲያነብ ክፍሉ ይሥቃል፤ መምህሩም አብሮ ፈገግ ይላል፤ ያች ፈገግታ ለክፍሉ ፈቃድ ናት። መጽሐፉ ለሦስት ልጆች አንድ ሲሆን ሁልጊዜ መጽሐፉ በአንድ ወገን ልጅ እጅ ይሆናል። ጫማ የሌለው ልጅ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ከኋላ ስለ ተቀመጠ አይሰማም፤ ስላልሰማ አያውቅም፤ ስላላወቀም ሰነፍ ይባላል። አባቱ ሹም የሆነ ልጅ ሲያረፍድ «ምን ሆነህ ነው፥ ልጄ?» ይባላል፤ እናቱ እንጨት ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ሲያረፍድ ግን ከበር ውጭ ይቆማል። ከእነዚህ አንዱም በክስ መዝገብ የሚገባ አይደለም። ልጆች ግን ይቈጥሩታል። ማን የሚወደድ፥ ማን የሚታገሥ፥ ማን የሚናቅ እንደ ሆነ ከሒሳብና ከታሪክ አስቀድመው የሚማሩት ይህንን ነው።

የወንጌል ትእዛዝ በዚህ ስፍራ የሚጠይቀው ስሜትን አይደለም። መምህር 60 ልጆችን ሁሉ በእኩል ስሜት ሊወድ አይችልም፤ ሳምራዊውም ለቍስለኛው ምን እንደ ተሰማው ከማዘኑ በቀር አልተነገረም። የተነገረው ሥራው ነው፤ ቀረበ፥ አሰረ፥ አስቀመጠ፥ ወሰደ፥ አስታመመ፥ ከፈለ፥ እመለሳለሁ አለ። ይህ ሁሉ ለመምህር የሚቻል ነው። ወደ ኋላው ወንበር መቅረብ ይቻላል። የሣቀውን ክፍል በአንዲት ቃል ዝም ማሰኘት ይቻላል። መጽሐፉን በተራ ማዞር ይቻላል። ከበር የቆመውን ልጅ ከመቅጣት አስቀድሞ ማለዳ ምን ሲሠራ እንደ ነበር መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ልጁ የሚወደድ ዓይነት እስኪሆን መጠበቅ አያሻም፤ ይህ ነው ያለ መለየት መውደድ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ ያለ መለየት ከተወደደ ጥፋትና ልማት እኩል ሆኖ ሥርዓት አይፈርስምን? የሚል ነው። ይህ ፍቅርን ከቸልታ ጋራ ማደባለቅ ነው። ፀሓይ በክፉና በደጉ ላይ መውጣቷ ክፉን ደግ አያደርገውም። ሩዋንዳ ራሷ የበደሉትን ለፍርድ አቅርባለች። በአሩሻው ፍርድ ቤት ከታዩት ታላላቅ ተከሳሾች በቀር፥ ጋቻቻ በሚባለው የመንደር ሸንጎ እስከ 2012 ድረስ ወደ 2 ሚልዮን የሚጠጉ ጉዳዮች ታይተዋል። አብሮ ለመኖር ፍርድ ያስፈልጋል። መምህርም የሰረቀውን ልጅ ሊቀጣው፥ ያልሠራውን ልጅ ዜሮ ሊሰጠው ይገባል። ጥያቄው ቅጣቱ ልጁን ወደ ክፍሉ ለመመለስ ነው ወይስ ከክፍሉ ለማስወጣት የሚለው ነው። የሚወድ መምህር ጥፋቱን ከልጁ ይለያል፤ የማይወድ ግን ልጁን ከጥፋቱ ጋራ አንድ አድርጎ ይጥለዋል። መለየት ካስፈለገ የሚለየው ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ወላጆች በቤት መለየትን እያስተማሩ፥ ሽማግሌውም ጐልማሳውም በወገኑ እየማለ፥ አንድ መምህር በቀን ለጥቂት ሰዓት ምን ያደርጋል? የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። የሩዋንዳ ልጆች ወገናቸውን ያወቁት ብዙዎቹ በቤት ሳይሆን በክፍል ውስጥ ነበር፤ ያንን ያስተማረ ክፍል ሌላውንም ሊያስተምር ይችላል። ከ1994 በኋላ በመታወቂያ ወረቀት ላይ የነበረው የወገን ስም ተሰርዟል። በልብ ላይ የተጻፈውን ለመሰረዝ ግን መንግሥት እጅ የለውም፤ ያ ሥራ የመምህር ነው። ለመምህር ከተሰጡት መሣሪያዎችም ሁሉ የበለጠው ልጆች ከእርሱ ፊት ተቀምጠው በየቀኑ ማየታቸው ነው። ንግግሩን ይረሱታል፤ ማንን ከማን እንደ ለየ ግን አይረሱም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለሚማሩት ወጣቶች የማስተማር ዘዴ፥ የትምህርት ዕቅድ፥ የፈተና አወጣጥ ይነገራቸዋል፤ ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ወደ ልምምድ ክፍል በሚሰማሩበት በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ሲከፍቱ አንድ ነገር አብሮ ሊነገራቸው ይገባል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስም ሁሉ በኢያሪኮ መንገድ ላይ እንደ ተገኘው ሰው ነው። የልጁን ወገን፥ ሃይማኖት፥ ሀብትና ቋንቋ የሚያሳይ ልብስ ተገፎ፥ ሰው መሆኑ ብቻ ቢታይ መምህሩ ምን ያደርግለት ነበር? ያንን ለሁሉም ያድርግ።

የትምህርት ቤት አለቆችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የክፍል አመዳደብን፥ የነፃ ትምህርት ስጦታን፥ የቅጣትን መዝገብ በየጊዜው መመልከት፥ የተቀጡት ልጆች ሁልጊዜ ከአንድ ወገን እንደ ሆኑ ማስተዋል፥ ሲያስተውሉም ዝም አለማለት የእነርሱ ሥራ ነው። በኢያሪኮ መንገድ ላይ ያለፉት ሁለቱ ሰዎች ክፉ ሥራ አልሠሩም፤ አይተው ማለፋቸው ብቻ ተጽፎባቸዋል።

በኒያንጌ የተደረመሰውን ቤተ ክርስቲያንና ልጆች የሞቱበትን ክፍል የሚለያያቸው የሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ብቻ ነው። በአንዱ ትእዛዙን የሚያስተምረው ሰው ትእዛዙን ጣለ፤ በሌላው ትእዛዙን የተማሩት ልጆች ተሸከሙት። ከሁለቱ መካከል የትኛውን እንደሚመስል እያንዳንዱ ክፍል በየማለዳው ስም ሲጠራ ይወስናል። ነገም በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ይከፈታል፥ ስም ይጠራል፥ ልጆችም «አቤት» ይላሉ። የሚጠራው መምህር ሁሉንም ለማግባት የሚጠራ ይሆን ዘንድ እግዚአብሔር ጥበቡንና ትዕግሥቱን ለመምህራን ሁሉ ይስጥ።